ከድር ጥሎት የመጣው ግማሽ

ባለፈው ክረምት ከዓለም ባንክ ሰፈር ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ ዝናብ ያራሰውን ኮቱን እንደለበሰ የተቆላ ለውዝ እየፈለፈለ ሲበላ፣ የእርጥብ ሱፍና የለውዝ ልጣጭ ሽታ አንድ ላይ መጣብኝና የምወርድበትን ፌርማታ አልፌ ሄድኩ። ረዳቱ «ማዘር፣ ወራጅ አላሉም እኮ!» ብሎ ሳቀብኝ። በዚያች ሰዓት ታክሲ ውስጥ አልነበርኩም፤ ኮልፌ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ፣ የባሕር ዛፍ ግንድ ክምር ላይ ቁጭ ብዬ ወንድሜ ከድር ከሲኒማ ቤት እስኪመለስ የምጠብቅ ልጅ ነበርኩ። የእሱ ኮት ነበር እንዲያ የሚሸተው።

ዘመኑ የጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነበር፤ እኛ ግን የመጨረሻዎቹ መሆናቸውን አናውቅም ነበር። አባቴ ሽኩር መርካቶ በርበሬ ይሸጥ ነበር። ከድር ሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ቅዳሜ ከረጢት ተሸክሞ ስለሚውል እሑድ ሲኒማ ይፈቀድለት ነበር። እኔ ደግሞ አራተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ «ይበቃሻል» ተብዬ ቤት ቀርቼ፣ ከእናቴ ጋር ቀኑን ሙሉ በርበሬ ስቀነጥስ እውል ነበር። አንድ ቀን አባቴን፣ «እሱ ትከሻውን ስላመመው ሲኒማ ከገባ፣ የእኔ ዓይን በበርበሬ ሲነድ የሚውለው ለምኑ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ዓይንሽ ከነደደማ ሲኒማውን በምን ልታይው?» ብሎ ስቆ አለፈኝ። ሳቁ ጥሩ ነበር። መልሱ ግን መልስ አልነበረም፤ እኔም እስከዛሬ መልስ ብዬ አልቆጠርኩትም።

በእኛ ሰፈር ሲኒማ ያየ ሰው ላላየው የመንገር ግዴታ ነበረበት። እሑድ አመሻሽ ላይ ጎረቤቱ ሽንብራና ቆሎውን በጨርቅ ቋጥሮ ይመጣና ከግንዱ ክምር በታች ይቀመጣል፣ ተናጋሪው ከላይ ይወጣል፣ ከየሰዉ እየተቆነጠረለት እያላመጠ ይናገራል። ሕጉ አንድ ነበር፤ ተናጋሪው «አለቀ» እስኪል ማንም አይነሳም፣ «አለቀ» ካለ በኋላ ደግሞ ማንም አይጨምርም። ከድር ኃይለኛ ተናጋሪ አልነበረም። ፈረሱን ይናገራል፣ ሽጉጡን ይናገራል፣ ሰዎቹ ምን እንዳሰቡ ግን አይናገርም ነበር። እኔ ከታች ሆኜ የጎደለውን በልቤ እሞላለሁ። እናቴ ሐሙስ ሐሙስ ከሴቶቹ ጋር መንዙማ ስትል እየሰማሁ ስላደግሁ ቤት መምታት አይቸግረኝም ነበርና፣ ፈረሰኛው ሲሞት የሙሾ ግጥም፣ ሲያገባ የሠርግ ግጥም እየገጠምኩ ለበርበሬው እነግረው ነበር።

አንድ ክረምት፣ ግንዱ ርሶ በረንዳው ላይ መሰብሰብ በጀመርንበት ሰሞን፣ ከድር ለመጀመሪያ ጊዜ የህንድ ፊልም አይቶ መጣ። ቋንቋውን ማንም ባይሰማም ነገሩ በዓይን ይገባ ነበር። በአንድ ሀብታም ቤት የምታገለግል አንዲት ድሃ እናት የእመቤቲቱን የወርቅ አምባር ሰረቅሽ ተብላ ትያዛለች፤ የሰረቀው የእመቤቲቱ ወንድም ነው። ዳኛው ሳይመረምር ይፈርድባታል፣ እሷ እስር ቤት ስትገባ ትንሽ ልጇ ብቻውን መንገድ ለመንገድ ይሄዳል።

«አለቀ» አለ ከድር።

«ምን? ምኑ ነው ያለቀው?» አሉ እትዬ አስካለ። እትዬ አስካለ ከአጥራችን ወዲያ የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ፤ አንድ ልጃቸው ወታደር ሆኖ ወደ ምሥራቅ ጠረፍ ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቶ ነበር።

«ፊልሙ ነዋ። መብራት በራ፣ ሰው ሁሉ እየተጋፋ ወጣ።»

«ሴትዮዋስ?»

«እስር ቤት ናት።»

«ልጁስ?»

«እየሄደ ነው፣ መንገድ ላይ።»

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ! ፊልሙ አልተናገረም።»

እትዬ አስካለ ቆሏቸውን እንደቋጠሩ ተነስተው፣ ለማንም ደህና እደሩ ሳይሉ ወጡ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ በርበሬው ላይ አቀርቅሬ በንዴት ተቃጠልኩ። ያችን ሴት እንዲያ ጥሎ መብራት የሚያበራ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ዳኛው ሳይጠየቅ፣ ሌባው ሳይያዝ፣ ልጁ ሳይደርስ! እየቀነጠስኩ አስብ ነበር፣ እያሰብኩ እገጥም ነበር፣ እሑድ ሲደርስ ነገሩ ሁሉ በራሴ ውስጥ ተሠርቶ ቆሞ ነበር።

ያን እሑድ ወንዙ ሞልቶ ከድር ከተማ መውረድ አልቻለም። ሰዉ ግን ከልማዱ መጣ። እኔ ተነስቼ ከድር የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ወጣሁና፣ «የባለፈው እሑዱ አላለቀም» አልኩ።

«እኔ አለቀ ብያለሁ!» አለ ከድር።

«አንተ አልክ እንጂ ሴትዮዋ አላለችም።»

ሳቁ፤ እየሳቁም ጆሮ ሰጡኝ። ልጁ አድጎ፣ ተምሮ፣ የሌባውን ሚስጥር አውጥቶ እናቱን ሊያስፈታ እንደመጣ ነገርኳቸው። የእስር ቤቱ በር ሲከፈት ሴትዮዋ አልወጣም እንዳለች፣ ዳኛው ራሱ መጥቶ በሰው ፊት «ተሳስቻለሁ» ካላለ ንቅንቅ እንደማትል፣ ልጇም ከበሩ ውጭ ቆሞ እንደጠበቃት ነገርኳቸው። እዚያ ሆና እንዲህ እያለች ታንጎራጉራለች አልኩ፤

«ውሸት ሸንጎ ገባ፣ አዲስ ካባ ለብሶ፤
እውነት ደጅ ላይ ቀረች፣ ነጠላዋ ርሶ።»

ዳኛው መጣ፣ አንገቱን ደፋ፣ እናትና ልጅ ተቃቅፈው ወጡ። «አለቀ» አልኩ። እትዬ አስካለ አጠገቤ መጥተው፣ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «እንዲህ ነው እንጂ ዘይነባ! አንተ ከድር፣ ይኼን ሁሉ የት ደብቀኸው ነበር?» አሉ። ከድር አፉን ከፍቶ ያየኝ ነበር። በዚያ ክረምት አዲስ ፊልም ቢመጣም ባይመጣም፣ «የዘይነባን አምጪልን» እየተባልኩ ያንኑ ስንት ጊዜ ደገምኩት።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ የአጎታችን ልጅ ነስሩ ከመርካቶ ሊጠይቀን መጣ። ነስሩ ሲኒማ ቤት የተወለደ የሚመስል ልጅ ነበር። እኔ ስናገር ሰምቶ ሆዱን ይዞ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ።

«ከድር! መብራቱ የበራው ለእረፍት ነው እኮ! ሰው የወጣው ለውዝ ሊገዛ ነው! ግማሹን ጥለህ መጣህ? ግማሹን!»

እውነቱን ነበር። ከድር እስከዚያ ቀን ከፈረስና ከሽጉጥ ፊልም ሌላ አያውቅም፤ እነዚያ ደግሞ መሐል ላይ አያርፉም። መብራት ሲበራና ሰው ሲወጣ አብሮ ወጥቶ፣ ለውዙን ገዝቶ፣ እየበላ ወደ ቤቱ መጥቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ልጆች «ግማሹ» ብለው ጠሩት፤ ሲያገባም ግማሹ ነበር፣ ሲወልድም ግማሹ።

«የእሷስ መጨረሻ ከየት መጣ?» ብሎ ነስሩ ሲቀጥል አባቴ ከበሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። አባቴ በሚዛኑ ሐቀኝነት የታወቀ ሰው ነበር። ጠርቶ ከፊቱ አቆመኝ።

«ያየሽው ነገር ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ በርበሬ ውስጥ ሸክላ ፈጭቶ መቀላቀልና ይኼ ምን ይለያቸዋል? ሰዎቹ አምነውሽ አለቀሱ እኮ። ያላዩትን እንዳዩ መናገር የሐሰት ምስክርነት ነው። ከዛሬ ጀምሮ እዚያ በርጩማ ላይ እንዳላይሽ።»

«እኔ አየሁ አላልኩም አባባ! ያላየሁትስ በማን ጥፋት ነው?»

እናቴ ልብሴን ከኋላ ጎተተችኝ። እኔ ግን ያን ቀን እራት አልበላሁም፤ የተቆጣሁት ስለከለከለኝ ብቻ አልነበረም። በጠቅላላ ዕድሜዬ አንድ ነገር ብቻ በእጄ ሠርቼ ነበር፣ እሱም ሸክላ ተባለ።

ጥቅምትን ሙሉ የግንዱ ክምር ላይ ዶሮ ብቻ ነበር የሚወጣው። ከድር ተናገር ቢባል አፍሮ እምቢ አለ። ኅዳር ላይ ግን አንድ ከሰዓት አባቴ ከሰላት እንደተመለሰ እትዬ አስካለ ሁለት ጎረቤት ሴቶችና ሽማግሌውን ጋሽ ተሰማን አስከትለው ገቡ። ለሽምግልና ነበር የመጡት። ሴት ሽማግሌ ሆና ስትመጣ አይቼ ስለማላውቅ፣ ጋሽ ተሰማን ያመጧቸው ለደንቡ ያህል እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ እሳቸውም ተቀምጠው ከዘራቸውን እንዳስደገፉ ያሉት «ለመሆኑ ሴትዮዋ ተፈታች ወይስ አልተፈታችም? እኔ መሐል ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ነበር» የሚል ነው።

«ጋሽ ሽኩር፣» አሉ እትዬ አስካለ፣ «ልጅቱ ያላየችውን ተናገረች አሉን። እውነት ነው። ያላየችው ግን እርስዎ ስለከለከሏት ነው። ያሳዩዋት፣ አይታ ትመስክር።»

«ልጃገረድ? ሲኒማ ቤት?»

«ከአባቷ ጋር ነዋ!»

«እኔ?» አለ አባቴ፤ እናቴ በሻሿ አፏን ሸፈነች። ሽማግሌ ግን ሽማግሌ ነው፣ እምቢ ተብሎ አይመለስም። ፊልሙ ከተመለሰ ሊወስደኝ ቃል ገባ።

ጥር ላይ ከድር የተለጠፈውን ሥዕል አይቶ እየሮጠ መጣና ፊልሙ መመለሱን ነገረን። አባቴ የአርብ ኮቱን ለበሰ፣ እኔ አዲስ ሻሽ አሰርኩ፣ በጋሪ መርካቶ ድረስ ሄደን ከዚያ በእግራችን ቀጠልን። በሲኒማ ቤቱ ጨለማ ውስጥ ስንቀመጥ እጄን አጥብቆ ያዘኝ፤ የፈራው እሱ ይሁን እኔ እስከዛሬ አልለየሁትም። ከዚያ ግድግዳው በቀለም ተሞላ። ሴትዮዋ በልቤ ከሳልኳት ይልቅ ወጣት ነበረች። ዳኛው ሲፈርድባት አባቴ ጮክ ብሎ «ምስክር የት አለ?» አለ፤ ከኋላ ሰው ሳቀበት። መብራት በራ፤ አባቴ ወዲያው ተነስቶ ኮቱን እየቆለፈ ወደ በሩ ሲሄድ ጫፉን ይዤ አስቀረሁት።

«አባባ፣ አላለቀም።»

ዙሪያውን አየ፣ ለውዝ የሚገዛውን ሰው አየ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ይኼ ልጅ ታዲያ ምን አጠፋ?» አለ ለራሱ። ከዚያ ቀን ወዲያ ከድርን ግማሹ ሲሉት ከሰማ ይቆጣ ነበር።

የፊልሙ መጨረሻ እንዲህ ነበር፦ ልጁ አድጎ ይመጣል፣ የእስር ቤቱ በር ይከፈታል፣ እናቱ ግን በዚያው ጠዋት ሞታለች። ረጅም ዘፈን ይዘፈናል። ዳኛውን ማንም አልጠየቀውም። ስንወጣ አባቴ ዓይኑን እየጠረገ «የሲጋራው ጭስ ነው» አለኝ፤ እኔም «አዎ ጭሱ ነው» አልኩት። 

በማግስቱ አመሻሽ ሰፈሩ ሁሉ ግንዱ ሥር ተሰበሰበ። አባቴ ራሱ ሊሰማ ከበሩ ላይ ተቀመጠ። ወጣሁ። እትዬ አስካለን ሳላይ፣ ያየሁትን እንዳየሁት ተናገርኩ፣ ሞተች አልኩ፣ አለቀ አልኩ። ማንም አልተነሳም። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ቆዩና፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ዘይኔ፣ ያንቺኛውን ንገሪኝ» አሉ።

ወደ አባቴ አየሁ። ሁሉም ወደ አባቴ አየ። እሱ መሬቱን አየ፣ ጢሙን ዳበሰ፣ ከዚያ ገበያ ላይ ለገዢ በሚናገርበት ድምፅ እንዲህ አለ፤ «ሁለት ዓይነት በርበሬ ያለው ሰው ከረጢቱን ለይቶ ያስቀምጣል። ይኼኛው የፊልሙ ነው፣ ያኛው የእኔ ነው በይና ንገሪያቸው። ለይተሽ ከሸጥሽው ሸክላ አይባልም።»

«ይኼ የእኔ ነው» አልኩና ጀመርኩ። እንደዚያን ቀን ድምፄ ከፍ ብሎ አያውቅም። ዳኛው መጥቶ አንገቱን ሲደፋ አባቴ ከበሩ ላይ «እሰይ!» ሲል ሰማሁት።

የእትዬ አስካለ ልጅ አልመጣም። እሳቸው እስኪያርፉ ድረስ፣ መንግሥት ከተለወጠም በኋላ፣ ክረምት በገባ ቁጥር «ያንቺኛውን» ይሉኝ ነበር፤ እኔም አግብቼ ልጅ አዝዬ ሳለሁ እንኳ አጥራቸው ጥግ ቆሜ እነግራቸው ነበር። አባቴም ከድርም ዛሬ ኮልፌ ሙስሊም መቃብር ጎን ለጎን ተኝተዋል። ግንዱ የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል።

የልጅ ልጄ ግጥም ትጽፋለች። ስልኳ ላይ ጽፋ ከግርጌው ስሟን ታኖራለች፤ ማንንም አታስፈቅድም፣ ሽማግሌ አትልክም፣ እኔም እሰይ እላታለሁ። ፊልሙም በእጇ ውስጥ ነው፣ የሚናገሩት በአማርኛ ተጽፎላት፣ ጆሮዋን ደፍና ብቻዋን እስከ መጨረሻው ታያለች። ግማሹን ጥሎ የሚመጣ የለም። ያመለጠኝ ሁሉ ለእሷ ስለደረሳት አልቀናም፣ ፍትሕ ነው። ግን እሑድ አመሻሽ ላይ ሳሎኑ ውስጥ ልጆቼና የልጅ ልጆቼ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሲያዩ ተቀምጬ አያቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ የእኔ ነው የማለት መብት ነበር የቸገረኝ፣ ዛሬ የእኔ የምለው ሞልቶኝ፣ ያንቺኛውን ንገሪን የሚለኝ ሰው ነው ያጣሁት።