«ስቀሉት» ያላሉት መሪጌታ

መሪጌታ ጥሩነህ ፍኖተ ሰላም ላይ ከዚህ ዓለም ድካም ማረፋቸውን ለምታውቋቸው ሁሉ የማረዳው እኔ ነኝ። እኔን በሕይወት ያቆዩኝ እርሳቸው ናቸውና መርዶውን ለሌላ ሰው መተው አልሆነልኝም።

እንግሊዞቹ ከሱዳን ተሻግረው ከአርበኞች ጋር ቡሬ አጠገብ በሰፈሩ ጊዜ ጣሊያን ገና ምሽጉን አልለቀቀም ነበር። እኔ በግድ የተወሰድኩ ተሸካሚ ነበርኩ። ከምሽጉ አምልጬ ስወጣ አርበኞች ያዙኝ፤ የለበስኩት ግን የጣሊያን ካፖርት ነበር። ማን ይመነኝ! የአርበኞቹ አለቃ ወንድሙ በቅርቡ ተገድሎበታል። «ባንዳ ነው!» አለና ሊሰቅለኝ ጠፍር በአንድ ሾላ ቅርንጫፍ ላይ ጣለ።

መሪጌታ ቅኔ አዋቂ ነበሩ፤ በስደት ካርቱም ሳሉ እንግሊዝኛ ተምረው አሁን በሰፈሩ ያስተረጉሙ ነበር። እንግሊዛዊው መኮንን አየት አደረገኝና «ፑት ሂም አፕ» ብሎ ወደ ካርታው ዞረ።

«መሪጌታ፣ ምን አለ?» አለ አለቃው።

ቃሉን በከንፈራቸው ደጋገሙት። ቃል በቃል ሲፈታ «ወደ ላይ አድርጉት» ነው፤ ስቀሉት ማለት። ሰዉም የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር።

«ኧረ ይንገሩን እንጂ! ፈሩ እንዴ?»

«ቆይ ልጄ፣ የሰው ነፍስ ናት። ሰሙን ሰማሁ እንጂ ወርቁን አላገኘሁትም።»

አለቃው ጠመንጃውን ወደ እርሳቸው አዞረ። እርሳቸው ግን ቃሉን በምልክት ሊያጣሩ መኮንኑ ዘንድ ሄደው መጀመሪያ አንገታቸውን አነቁ፤ ቀጥለው መዳፋቸውን ከጉንጫቸው ሥር አድርገው እንደሚተኛ ሰው ዘንበል አሉ። የትኛው ነው ማለታቸው ነው። መኮንኑ ደንግጦ ብድግ አለ። «ስሊፕ! ስሊፕ!» እያለም እንደ እርሳቸው ዘንበል አለ።

«አሳድሩት ነው ያለው» አሉ መሪጌታ።

አለቃው ጠፍሩን ወዲያው አላወረደም። እስኪያወርድ ድረስ መሪጌታ ከጎኔ አልተነሱም።

ከነጻነት በኋላ ፍኖተ ሰላም ላይ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ «ግሱን ማወቅ ቀላል ነው፤ ጅራቱን፣ ከኋላው የሚከተለውን ቃል ተመልከት። ፑት አውት ስትል እሳት ይጠፋል፤ ፑት ኦፍ ስትል ቀጠሮ ይተላለፋል፤ ፑት አፕ ስትል እንግዳ ያድራል» ይሉ ነበር። መጽሐፍ ለሌለው ልጅ የራሳቸውን ይሰጣሉ፤ ሳይጠይቅ ገምቶ የሚመልሰውን ግን አይምሩም።

የኔታ፣ በሰላም ይረፉ። ያን ቀን ደግመው ባይጠይቁልኝ ኖሮ፣ ዛሬ አስከሬንዎን የተሸከሙት ልጆቼ አይወለዱም ነበር። እነርሱ እንግሊዝኛ አያውቁም። ማንን እንደተሸከሙ ግን ያውቃሉ።