ዊልፍ ከሌለ ማን ታመመ?

የሳይንስ መምህሩን ሚስተር ትሬልፎልን ሳስታውስ ከፊቱ ቀድሞ የሚመጣብኝ መስኮቱ ነው። ክፍላችን በኮሪደሩ ጫፍ፣ በባሕሩ በኩል ነበር። መስኮቶቹ በቀለም ላይ ቀለም ሲቀቡ ኖረው ተጣብቀው ቀርተዋል፤ አንዱም አይከፈትም። ውጭ ንፋሱ ባሕሩን ይገርፈዋል፣ ውስጥ ሰው አየር አጥቶ ያዛጋል። የሚሸተው እርጥብ ካፖርትና ኮምጣጤ የፈሰሰበት የድንች ጥብስ ነው፤ ልጆቹ ከምሳ ሲመለሱ በኪሳቸው ደብቀው ይዘውት ይገባሉና።

በእንግሊዝ ባሕር ዳር ያለችው ፍሊትዉድ ድሮም ትንሽ ከተማ ናት። የዓሣ መርከቦቹ ካለቁ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ አነሰች። እኔ ገና በልጅነቴ ከትምህርት ወጥቼ ዓሣ ስበልት የኖርኩ ሴት ነኝ። ፋብሪካው ሲዘጋ ያገኘሁት ሥራ ትምህርት ቤት የምድብ አምስት ልጆች አጠገብ ቁጭ ብሎ «እርሳስህን ያዝ፣ ቀና በል» ማለት ነበር። ስለ ሳይንሱ ከእኔ ብዙ አትጠብቁ። ስለ ሰውዬው ግን ላውራችሁ።

ልጆቹ እኛ ጋ ሲመጡ ይፈተኑና ልክ ዓሣ በመጠን እንደሚለየው ይለያሉ፤ ትልልቁ ለብቻ፣ ደቃቁ ለብቻ። ምድብ አምስት የደቃቆቹ ሣጥን ነው። አንዴ እዚያ የገባ መውጣቱ ጭንቅ ነው፤ ላይ ያለው ወንበር ሁሉ ተይዟል፣ አንዱ እንዲወጣ ሌላው መውረድ አለበት። የመጨረሻው ፈተናም አንድ አይደለም። የታችኞቹ የሚፈተኑት ወረቀት ጣሪያ አለው፤ ሁሉንም በትክክል ብትመልሰው እንኳ ከ«ሲ» በላይ አይሰጥህም። ክፍላችን ውስጥ የጋዙ ቧንቧ ሳይቀር ተዘግቶ ነበር። ምድብ አምስት በእሳት አይታመንም ተብሎ።

ጎርደን ትሬልፎል ራሱ በልጅነቱ ከደቃቆቹ ጋር የተጣለ ነው። የመርከበኛ ልጅ ነው፤ እሱም ባሕር ላይ ድንች ሲልጥ ኖሮ በማታ ትምህርት ተምሮ ነው መምህር የሆነው። ሲቀጠር «ለአንድ ዓመት ብቻ ምድብ አምስትን ያዝልን» አሉት። ያዘላቸው። ወንበር መወራወር ቀረ። በዓመቱ የላይኛውን ምድብ ሲጠይቅ «ታዲያ እነዚህን ማን ይችላቸዋል?» አሉት። በየዓመቱ ይጠይቃል፣ በየዓመቱ ያንኑ ይሉታል። በሬ ሆይ፣ ደህና ከሳብክ ማን ይፈታሃል።

ያኔ ቅዳሜ ማታ «ሙት ወደብ» የሚባል ተከታታይ ድራማ ይታይ ነበር። ባሕር የበላቸው ሰዎች ከውሃው እየወጡ የከተማውን ሰው ይነክሳሉ። የተነከሰው ቀስ ብሎ ይለወጥና እሱም ነካሽ ይሆናል። ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ሌላ ወሬ የላቸውም። ሌሎቹ መምህራን «ዝም በሉ፣ መጽሐፍ ግለጡ» ይላሉ። ትሬልፎል ግን አንድ ሰኞ መጽሐፉን ወደ ጎን አደረገና ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

«እሺ» አለ። «ምግብ አብሳዩ ዊልፍ ቅዳሜ ዕለት ተነከሰ። ሌላው ሁሉ ሲለወጥ እሱ ለምን አልተለወጠም?»

«ሥጋው አርጅቶ ጠልተውት ነው፣ ሰር» አለ ኮነር። የክፍሉ አፈኛ ነው።

«አንተን ግን በጥሬህ ነው የሚውጡህ» አለችው ከኋላ አንዲት ልጅ።

«እኔን ከዋጡ የሚታመሙት እነሱ ናቸው።»

ልጅቷ ሊያን ስዋርብሪክ ትባላለች። እስከዚያ ቀን ድምጿን የሰማሁት ስሟ ሲጠራ «አቤት» ስትል ብቻ ነው። «ዊልፍ እኮ በፊትም ተነክሷል» አለች። «ያ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ነክሶት አልጋ ላይ ሲያተኩሰው አልነበር? የዚያን ጊዜ ነው ሰውነቱ የለመደው።»

ትሬልፎል ጠመኔውን አነሳ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞረና የዊልፍን ደም ሣለ፤ ነጮቹን ሴሎች ወታደር አስመስሎ። ክትባት የሚባለው ነገር እንዲህ ነው አለን። ደካማውን ጠላት አስቀድሞ ያሳዩታል፣ ብርቱው ሲመጣ ሰውነት ያውቀዋል። እውነቱን ለመናገር እኔም የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ ሰኞ ሰኞ የሙት ወደብ ቀን ሆነ። አንድ ጊዜ በላስቲክ ብርጭቆ ውሃ የሚመስል ነገር አደለን። አንዱ ብርጭቆ ተበክሏል፣ የትኛው እንደሆነ አልነገረንም። ልጆቹ እየተዟዟሩ ብርጭቋቸውን እርስ በርስ ይገለባብጣሉ፤ ያ ንክሻ ነው። በመጨረሻ እሱ በየብርጭቆው ጠብታ ጣል እያደረገ ሲዞር የተያዘው ሁሉ ሮዝ ይሆናል። ልጆቹ ማን ማንን እንደነከሰ ወደ ኋላ እየቆጠሩ የመጀመሪያውን ነካሽ ይደርሱበታል። ደወል ተደውሎ የማይነሱት የዚያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ሊያን አዋላጅ መሆን ነው የምትፈልገው። እናቷ ታናሽ ወንድሟን ስትወልድ አምቡላንሱ ዘግይቶ ከጎረቤት ሴት ጋር ሆና ያዋለደችው እሷ ናት። ይህን ለእኔ የነገረችኝ ብርጭቆ ስናጥብ ነው። ኮሌጁ ደግሞ ለባዮሎጂ ትምህርት «ቢ» ይጠይቃል። ከምድብ አምስት «ቢ» አይገኝም፤ ጣሪያው እዚያ ጋ ነው። ምድብ ሦስት መግባት አለባት፣ የሚገባውም በገና ፈተና ነው። ከገና ወዲያ በሩ ይዘጋል።

ተፈተነች። ውጤቱ በመጣ ማግስት ብርጭቆ የማጥብባት ጓዳ ውስጥ እያለሁ የሳይንስ ኃላፊዋ ሚስስ ፔምበርተን የሊያንን ወረቀት ይዛ ገባች። ትሬልፎል ጠርሙስ ይደረድር ነበር።

«ጎርደን፣ ይህን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ። ትክክል ነው።»

«ክትባት ሰውነትን ከበሽታ እንዴት እንደሚጠብቅ አብራሪ ነው ጥያቄው። እሷ የጻፈችው ‹ዊልፍን መጀመሪያ ጥርስ የሌለው ስለነከሰው› ብላ ነው። ገጹ በሙሉ ዊልፍ ነው። ማነው ዊልፍ?»

«መርከብ ላይ ምግብ የሚያበስል።»

«ዜሮ ነው የሰጠኋት።»

«ሐሳቡ አንድ ነው እኮ፣ አይሪን። ስሙን ብቻ ቀይሪው።»

«እኔ ልቀይረው እችላለሁ። ሰኔ ላይ የሚያርማት ሰው ግን ቴሌቪዥን አያይላትም። አሳልፌ ብሰድዳት ምድብ ሦስት ትሰምጣለች፣ ያኔ ደግሞ እኔን ነው የምትወቅሰኝ።» ወረቀቱን ከጠርሙሶቹ አጠገብ አስቀመጠችው። ክፉ ሴት አይደለችም። «ዓርብ ይቺን አንዷን ገጽ እንደገና ትጻፍ። ከድራማው አንዲት ቃል እንዳላይ። ካለፈች ትወጣለች።»

ያን ሳምንት ምሳ ሰዓት ሦስታችን እዚያች ክፍል ተዘጋን። እኔ ሻይ አፈላለሁ፣ እሱ ይጠይቃል፣ ልጅቷ ባዶ ወረቀት ላይ ታፈጣለች።

«ዊልፍን ትተሽ ንገሪኝ» ይላታል።

«ዊልፍን ከተውኩት ማን ነው የታመመው?»

«ማንም። አንድ ሰው።»

«አንድ ሰው ማን?»

«ማንም ይሁን፣ ሊያን። ዝም ብሎ ሰው።»

«ዝም ብሎ ሰው አይታመምም፣ ሰር።»

መጽሐፉን ሰጣት። ቃል በቃል ሸመደደችው፣ ገልበጥ አድርጎ ሲጠይቃት ሁሉም ጠፋባት። ዊልፍን ሲመልስላት እንደ ውሃ ይወርድላታል፣ ሲወስድባት ድዳ ትሆናለች። ረቡዕ ላይ እርሳሷን ወረወረችው። «እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ እንዲህ ያስተማሩኝ? አሁን ደግሞ ተይው ይሉኛል» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ትሬልፎል ወደ መስኮቱ ሄደ። ጣቱን በጠርዙ ላይ ያስኬዳል፣ የተጣበቀውን ቀለም በጥፍሩ ይፍቃል።

«ሞሪን» አለኝ፣ «በር የከፈትኩላቸው ይመስለኝ ነበር። ለካስ ደስ የሚል ቤት ሠርቼ ነው የዘጋሁባቸው።»

«ሻይህ ቀዘቀዘ» አልኩት።

ሐሙስ ዕለት ከእኛዎቹ በአንድ ዓመት የሚያንሱት ልጆች አዳራሽ ውስጥ ተሰልፈው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ሲወጉ ዋሉ። የዚያን ቀን ትምህርት ቤቱ ጦር ሜዳ ነው። የተወጋውን ክንድ በቡጢ መምታት የልጆቹ ወግ ነው፤ አባቶቻቸውም ሲያደርጉት ነበር። ትልልቆቹ ደግሞ ዓምና የተወጉት ነገር ትዝ ሲላቸው እርስ በርስ ይቧቀሳሉ። ሊያን ተመልሳ መጥታ ነበር፤ ኩርፊያዋ እንዳለ ነው። ኮነር ቺፕስ ፍለጋ ብቅ አለና በማለፍ ላይ ሳለ ክንዷን ጠቅ አደረጋት።

«ምን ትመታኛለህ? እኔ አልተወጋሁም» አለችው።

«ረስቼ፣ ወረርሽኝ ነሽ ለካ» ብሏት ሮጠ።

ትሬልፎል ቀና አለ። «አልተወጋሽም?»

«መልሰውኛል።»

«ለምን?»

ፊቷ ቀላ። «ዓምና መጀመሪያ ለምርመራ ክንዳችን ላይ ጥቃቅን መርፌ አድርገውብን የለ? የሌላው ሰው ጠፋ፣ የእኔ አበጠ። ራጅ አስነሱኝ፣ ሳንባሽ ደህና ነው አሉ። ልጆቹ ግን ትራም ላይ አጠገቤ አልቀመጥ አሉ። ወረርሽኝ ያሉኝ ያኔ ነው።»

«ነርሷስ ምን አለችሽ?»

«መወጋት አያስፈልግሽም፣ ሰውነትሽ በሽታውን ያውቀዋል አለችኝ። አያቴ ሳሎን ሶፋ ላይ እየተኛ ሲያስል ነበር የኖረው...» አለችና አቋረጠች። አፏን ከፍታ ክንዷን አየችው። እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ምልክቱ ግን ከጠፋ ቆይቷል።

«ሰር» አለች ቀስ ብላ። «ዊልፍ እኮ እኔ ነኝ።»

እሱ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። እኔም ማንቆርቆሪያውን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ፤ እንዳይንጣጣ ብዬ።

ዓርብ ዕለት «ጀርሙ አስቀድሞ ወደ ሰውነቴ በትንሹ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎቼ አወቁት» ብላ ጀመረች። ገጹን ሞላችው። ከድራማው አንዲትም ቃል የለበትም። ሚስስ ፔምበርተን ጓዳው በር ላይ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «አልፋለች» አለች። ከዚያ ቀጠለች፦ «ጎርደን፣ መስከረም ላይ ምድብ ሦስትን ጠይቀኸኝ ነበር።»

«ጠይቄሻለሁ።»

«አሁን ይህን ካየሁ በኋላ እንዴት ነው ከነዚህ ልጆች የማነሳህ? ሌላ ሰው ቢሆን ይቺን ልጅ ያወጣት ነበር?»

ሳቀ። ያንን ሳቁን አልወደውም ነበር፤ ዓይኑ ድረስ አይደርስም። «አያወጣትም ነበር» አለ። ያወጣት ነበር ቢል ልጅቷን መካድ ይሆንበታል።

ሊያን ምድብ ሦስት ገብታ በመጀመሪያው ሳምንት አለቀሰች። የሚናገሯት አልገባትም። ምሳ ሰዓት እየመጣች አዲሱን ትምህርት ለትሬልፎል ትነግረዋለች፣ እሱ የሙት ወደብ ልብስ ያለብስላታል፣ እሷ ደግሞ መልሳ ታወልቅና ለራሷ ሰውነት ታለብሰዋለች። እንዲህ እያደረጉ እስከ ሰኔ ዘለቁ። «ቢ» አገኘች፣ ኮሌጅ ገባች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። እናቷ ወደ ፕሬስተን ከተማ ሄደች አሉ።

ትሬልፎል ከዚያችው ክፍል ነው ጡረታ የወጣው። የስንብቱ ቀን ኬክ ስንቆርስ በቢላዋው የመስኮቱን ጠርዝ ሊፈለቅቅ ሞከረ። ቢላዋው ተጣመመ፤ ኬኩን በእጃችን በላነው። አሁን በትራም ሳልፍ አንገቴን አጠማዝዤ መስኮቱን አያለሁ። እንደገና ቀብተውታል፣ ሰማያዊ።

ከሁሉ ግን የማይጠፋኝ ከገና መልስ ያለው ሰኞ ነው። የሊያን ወንበር ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች፤ ጄማ ትባላለች። ሊያን እንድትወጣ ከምድብ ሦስት የወረደችው እሷ ናት። ካፖርቷን አላወለቀችም፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋዋለች፣ ልክ ለትንሽ ጊዜ የመጣች ይመስል።

ኮነር ወደ እሷ ዞረ። «እንኳን ወደ ሙት ወደብ በደህና መጣሽ» አላት። «እዚህ የገባ አይወጣም።»

«ሊያን ወጥታ የለ?» አለች ጄማ።

«እሷማ ዊልፍ ነበረች።»

«ዊልፍ ማነው?»

ክፍሉ በሙሉ አጉረመረመ፤ ዊልፍን የማታውቅ ሰው። ትሬልፎል የብርጭቆ ትሪውን ይዞ በመደዳው መሃል መጣ። እኔ አጠገቧ ነበርኩና ፊቱን በቅርብ አየሁት፤ ደክሞታል። አንዱን ብርጭቆ መርጦ ከፊቷ አስቀመጠላት።

«ሰር» አለችው፣ «እኔስ ማን ነኝ ታዲያ?»

«እሱ ገና አልታወቀም» አላት። «ካፖርትሽን አውልቂና ብርጭቆሽን ያዢ።»