ሶባ ላይ ሰላምታ የለም

በኻርቱም፣ ሶባ ባለው ክሊኒክ አበሻ አበሻን አያውቅም። ማንም አልደነገገውም፤ ግን ወር በወር ለኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚመጣ ሁሉ ይጠብቀዋል። ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመህ የተለየኸውን ሰው እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ብታገኘው ዐይንህን ወደ ግድግዳው ትመልሳለህ። እሱም እንዲሁ። ይህ ንቀት አይደለም፤ መከባበር ነው።

ማዘንጊያም ይህን ሥርዓት ለዓመታት ስትጠብቅ ኖራለች። ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ በአንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች። ሙሽሮቹ እጇን ይወዱታል፤ በዐረብኛ «ያ ሐበሺያ፣ አንቺ አበሻ፣ ቀስ በይ እንዳያመኝ» እያሉ ጭንቅላታቸውን ይሰጧታል። ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ በጆሮዋ ሲንቆረቆር ይውላል፤ ማታ ክፍሏ ስትገባ ግን እንዴት ዋልሽ የሚላት የለም። ክፍሏ ውስጥ ሁለት አልጋ አለ። አንዱ የሰርካለም ነበር።

ሰርካለም ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ከአንድ ቤተሰብ ዘንድ እያደረች የምትሠራ ልጅ ነበረች። ዓርብ ዓርብ ፈቃድ ሲሰጧት ወደ ማዘንጊያ ትመጣለች። ሁለቱም ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ ያወቁት በአንድ ሰሞን ነው። ማዘንጊያ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀት ስለነበራት ክሊኒክ ተመዘገበች። ሰርካለም ግን ወረቀት አልነበራትም። መንገድ ላይ የፖሊስ አፈሳ ይዞኝ ድንበር ይጥለኛል፣ አሠሪዬም ትሰማለች ብላ ፈራች።

«ታዲያ የኔን እንካፈለዋ» አለቻት ማዘንጊያ። «ክፍሉን ተካፍለናል፣ ሳሙናውን ተካፍለናል። ኪኒን ምን ሆነና!»

እናም ሰርካለም ዓርብ ዓርብ ድርሻዋን ቋጥራ እየወሰደች፣ አንድ ቀን አንዷ፣ በማግስቱ ሌላዋ እየዋጡ ኖሩ። ማናቸውም ክፉ ነገር ያደረጉ አልመሰላቸውም። ከመቅረት ግማሹ ይሻላል ብለው ነበር። በአንድ ክረምት ሰርካለም ታማ ተኛችና አልተነሣችም። ለሰው ወባ ነው ተባለ። ከመሞቷ በፊት የማዘንጊያን እጅ ይዛ፣ «ለጌታሁን እንዳትነግሪብኝ፤ ካወቀ ይረግመኛል» አለቻት። ጌታሁን ባሕሪ ውስጥ ብረት የሚበይድ፣ ሊያገባት የነበረ እጮኛዋ ነው። ማዘንጊያ ማለችላት።

ሰርካለም ከሞተች ከወራት በኋላ፣ ኻርቱም ላይ ጦርነቱ ገና ሳይመጣ፣ ክሊኒኩ መድኃኒት ከሚወስዱ ሰዎች ደም እየሰበሰበ ያስመረምር ነበር። ማዘንጊያም ሰጠች። ውጤቷ ሲመጣ ዶክተር ሰልሰቢል አስጠራቻት።

«ቫይረሱ ኪኒንሽን ለምዶታል» አለቻት።

«እንዴት ነው የሚለምደው፣ ያ ዶክቶራ? ውሻ ነው?»

ሰልሰቢል ሳቀች። «ከውሻም ይብሳል። ኪኒኑ ዛሬ መጥቶ ነገ ሲቀርበት ራሱን ይለውጣል። እኛ ደግሞ እናንተ ዘር እንደምትቆጥሩት የእሱን ዘር እንቆጥራለን፤ ከየት እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደሚዛመድ፣ የትኛውን መድኃኒት እንዳሸነፈ። ኪኒንሽን ለሰው ታካፍያለሽ?»

ማዘንጊያ ዐይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«ስም አልጠይቅሽም። ላንቺ ሌላ መድኃኒት እንጀምራለን። ያካፈልሽው ሰው ቫይረሱን ለሌላ አስተላልፎ ከሆነ ግን፣ የተለወጠውን ሊሆን ይችላል የሰጠው። ያ ሦስተኛው ሰው በዚሁ ኪኒን ቢጀምር ላያድነው ይችላል። ደሙ ይታይለት።»

ማዘንጊያ ሦስተኛውን ሰው ታውቀዋለች። ባለፈው ወር ጌታሁንን መድኃኒት በሚታደልበት መስኮት ሥር፣ የሷኑ ዓይነት ጠርሙስ ይዞ አይታው ነበር። ሁለቱም ወደ ግድግዳው ዞሩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮዋ መድኃኒቷን ተቀብላ ስትወጣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ከስቷል። ጉንጩ ገብቷል። መሐላዋን አሰበች። ከዚያም ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ጌታሁን፣ እንደምን ከረምክ?»

አንዲት ሴት ሻሿን ወደ ዐይኗ ሳበች። ጌታሁን በዐረብኛ «አላውቅሽም» አለ።

«ታውቀኛለህ። ሰርካለምን አብረን ቀብረን የለም ወይ?»

«አንቺ ሴትዮ» አለ ከጥግ አንድ ሽማግሌ፣ «ለቅሶ ቤት መሰለሽ? ቁጭ በይና ግድግዳሽን እይ!»

ጌታሁን አንገቱን ደፍቶ በአማርኛ አንሾካሾከ። «ምን አደረግሁሽ? ለምን ታዋርጂኛለሽ?»

አጠገቡ ተቀመጠች። «ሰርካለም የሞተችው በወባ አይደለም። በሽታው ነበረባት፤ የኔን ኪኒን ቀን እየቆጠርን ተካፍለን እንውጥ ነበር። ስላቆራረጥነው ቫይረሱ ለምዶታል ብለውኛል። ያንተም ከሷ የመጣ ከሆነ ይሄ የያዝከው ኪኒን ላይረዳህ ይችላል። ግባና ደሜን እዩልኝ በላቸው።»

«ዓርብ ዓርብ ስንገናኝ ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር። ፈርታ ነው እንጂ ጠልታህ አይደለም።»

«አንቺም ታውቂ ነበር» አለ።

«አውቅ ነበር።»

ነርሷ ስሙን ጠራችው፤ ተነሥቶ ገባ። ማዘንጊያ አዲሱን መድኃኒቷን ተቀብላ ጨርሳ ነበር፤ መሄድ ትችል ነበር። ግን ወደ ውስጥ ገብቶ ምን እንዳለ ሳታውቅ እግሯ እሺ አላላትም። አጠገቧ ያሉት ሰዎች ሸሸት ሸሸት ብለው ስለነበር ከግራና ከቀኝ ወንበሩ ባዶ ሆኗል።

ጌታሁን አንድ እጅጌውን ጠቅልሎ ወጣ። ፊቷ መጥቶ ቆመ።

«ደም ወስደዋል። ውጤቱ ይቆያል አሉኝ። እስከዚያው ግን አንድም ቀን እንዳላቋርጥ።»

«እሰይ።»

«ቀጠሮዬንም አስለወጥኩ። ከእንግዲህ ባንቺ ቀን አልመጣም።»

«ደግ አደረግህ» አለችው።

ወደ በሩ ሄደ። በኻርቱም የሰርካለምን ሳቅ የሚያስታውስ፣ ስሟን ብታነሣለት የቷ ሰርካለም ብሎ የማይጠይቃት ሌላ ሰው አልነበራትም።

«ሙት ዓመቷ ነሐሴ ላይ ነው» አለችው ከኋላው።

እርምጃው ትንሽ ገታ አለ፤ ግን ሳይዞር ወጣ።