የኦቦ ጂሎ ጠፍር

ባሌ ተፈራ የበደለኝ አብዮቱ በፈነዳ በሁለተኛው ዓመት፣ የበኩር ልጄን ልወልድ ወደራ ከተማ እናቴ ቤት በሄድኩበት ጊዜ ነው። ይህን ነገሌ ውስጥ የማያውቅ ጎረቤት የለም፤ ሳይሰለቸኝ ስናገረው ኖሬአለሁ። እኔ የሠራሁትን ግን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። የሻርኩትን ጾም፣ ያማሁትን ሰው፣ የተራገምኩትን እርግማን ሁሉ ስናዘዝ ይህችን አንዷን እያለፍኳት አረጀሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ይሆናል።

አስቀድሜ የእሱን ልናገር። እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ነበረኝ። ጦር ሰፈሩ አካባቢ የሚኖሩ የወታደር ሚስቶች ቀሚሳቸውን የሚያሰፉት እኔ ዘንድ ነበር። ወልጄ፣ ሴት ልጄን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አስነስቼ፣ በጭነት መኪና አቧራ ለብሼ ቤቴ ስገባ የስፌት መኪናዬ ራስ በጆንያ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ተቀምጧል። የብረት እግሩን፣ መርገጫውንና መንኮራኩሩን ባሌ ነቅሎ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ሠርቶበታል። አናጢ ነው። የአልጋና የወንበር እግር እያሽከረከረ የሚያወጣ ማሽን ሌላ አገር አይቶ ልቡ ተሰቅሎ ነበር።

«ምነው ሳትጠይቀኝ?» አልኩት።

«ብጠይቅሽ እንቢ ትያለሻ» አለኝ፣ ልጅቷን ከእጄ እየተቀበለ። «ደሞ አራስ ነሽ። አሁን ማን ይሰፋል?»

ይቅርታው ይህ ነበር። ሌላ አልሰማሁም።

ማሽኑ እንዲህ ነው የሚሠራው። ተፈራ መርገጫውን ሲረግጥ መንኮራኩሩ ይዞራል፤ ከመንኮራኩሩ ወደ ላይ የሚሄደው ቀበቶ መሳዩ ቺንጋ የእንጨት መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩ ላይ የታሰረው ጥድ ይሽከረከራል፤ እሱ መሮውን ያስጠጋል። ድምፁ የስፌት መኪናዬ ድምፅ ነው። ልጄ ሰናይት የምትተኛው በዚያ ድምፅ ነበር። ነገር ግን ለጨርቅ የተሠራ ቀጭን ቺንጋ ለጥድ አይበቃም። መሮው እንጨቱን ሲነክስ ቺንጋው ይንሸራተታል፤ መንኮራኩሩ ብቻውን ይዞራል፤ ድምፁ ሲቋረጥ ልጄ ትነቃለች። ተፈራ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ከላማዳሪያ፣ ቆርጦ ሞከረ፤ እየተለጠጠ ረዘመበት። በመጨረሻ ኦቦ ጂሎን የቆዳ ጠፍር ለመናቸው።

ኦቦ ጂሎ ከሊበን ገጠር ቆዳ እያመጡ ለባለሱቆች የሚሸጡ ሽማግሌ ነበሩ። ከወደራ በተመለስኩ በሳምንቱ በእግራቸው መጥተው በሩ ላይ «ናጋ?»፣ ሰላም ነው ወይ፣ አሉ፤ ወተት አስቀመጡልኝ፤ መዳፋቸውን በልጄ አናት ላይ አድርገው በኦሮምኛ መረቁልኝ። በመጡ ቁጥር እንዲያ ያደርጉ ነበር። ባለሱቆች የእሳቸውን ቆዳ እስሩን ሳይፈቱ ይረከቧቸዋል። ደረቅ ነው ካሉ ደረቅ ነው፤ ቀዳዳ የለውም ካሉ የለውም። ከዚህ ቃላቸው ሌላ ሀብት አልነበራቸውም።

በአገራቸው ቆዳ የሚለሰልሰው በቅቤ ነው። ተፈራ ይህን ስለሚያውቅ አስጠነቀቃቸው።

«ኦቦ ጂሎ፣ አደራዎን ቅቤ እንዳይነካው። ቅቤ ከነካው ይንሸራተታል።»

«ደረቅ ካልክ ደረቅ ይሆናል» አሉት። «ፀሐይ ብቻ ነው የሚነካው።»

ጠፍሩ መጣ፤ ሁለት ጣት የሚሰፋ የበሬ ቆዳ። ተፈራ ጫፍና ጫፉን በቀጭን ጠፍር ሰፍቶ መንኮራኩሩ ላይ አጠለቀው። መሮው እንጨቱን ነከሰ፤ ጠፍሩ አልተንሸራተተም። አንድ ነጋዴ ለልጁ ሠርግ ካዘዘው አልጋ ሁለቱ እግሮች በዚያው ቀን አለቁ። ተፈራ ሽፋሽፍቱ ላይ የጥድ ብናኝ ተኝቶበት እንደ ልጅ ይስቃል። «አየሽ?» አለኝ። አየሁ። ቆንጆ ነበር፤ ሥራውም፣ እሱም። ከበታች ደግሞ የመኪናዬን እግር አየሁ።

በማግስቱ እሱ ገበያ ወጥቶ ሳለ የልጄን አናት ቅቤ ስቀባ ነበር። ጣቴ ላይ የተረፈውን የጠፍሩ ውስጠኛ ፊት ላይ አሸሁት። ጣቴ ሳላስበው ሄደ ብል እዋሻለሁ። ተነሥቼ፣ ወደ ማሽኑ ሄጄ፣ ጠፍሩን ገልብጬ ነው ያሸሁት። እኔ ነኝ። ሲመጣ ጠፍሩ ተንሸራተተ። በማግስቱም አሸሁት። በሦስተኛውም ቀን አሸሁት።

ተፈራ ያልሞከረው የለም። ጠፍሩን አንድ ጣት አሳጥሮ እንደገና ሰፋው። መንኮራኩሩን በሞረድ አሻከረው። መዘውሩን ጆንያ አለበሰው። አንድ ቀን ግንባሩን ብረቱ ላይ ደግፎ ቀስ ብሎ «እጄ ነው መሰለኝ የማይረባው» አለ። ለማሽኑ ነው ወይስ ለእኔ የተናገረው? አላውቅም።  ምሳውን አቀረብኩለት፤ አላስበላ ስላለው አጎረስኩት። በማግስቱ ደግሞ አሸሁት። ሰው እያዘነለት ሰውን ይበድላል? እኔ በድያለሁ።

ከሳምንት በኋላ ጠፍሩን ፈትቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋው፤ ቅቤ ቅቤ ሸተተው። የእኔ ጣት ሁልጊዜ ቅቤ ስለሚሸት ለምዶታልና እኔን አላሰበም። ያሰበው ቆዳ በቅቤ የሚያለሰልሱትን ሽማግሌ ነው። በገበያ ቀን በሰው አስጠራቸው። መጡ። እንደ ልማዳቸው ሰላም ብለው ሳይጨርሱ ጠፍሩን ሰጣቸው።

«ቃል ገብተውልኝ ነበር።»

ኦቦ ጂሎ አሸተቱት። «ቅቤ ነው» አሉ። «ቅቤ አይደለም አልልም። ከእኔ ቤት ግን አልወጣም።»

«ታዲያ ከየት መጣ? ወይስ ጥዱ ይታለባል?»

«ተፈራ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ። ደረቅ ነው ያልኩህ ደረቅ ነበር።»

«በቅቤ የለሰለሰ ቆዳ ሲጎተት ላቡ ይወጣል። እኔም እኮ አገሩን አውቃለሁ፣ ኦቦ ጂሎ። የለመደ እጅ ረስቶ ይሆናል። ረሳሁ ማለት ምን ይጎዳል?»

«ያልረሳሁትን ረሳሁ አልልም።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ቤት ነው የምትውይው። ያየሽው ነገር አለ?»

«አላየሁም» አልኩ።

 ከዚያ እንደ ወትሮው መዳፋቸውን በልጄ አናት ላይ አድርገው መረቋት። እጃቸውን ሲያነሡ አዩት። ያን ዕለት ጠዋት ቀብቻት ነበር፤ መዳፋቸው ያብረቀርቅ ነበር። መዳፋቸውን አዩ፣ ጠፍሩን አዩ፣ እኔን አዩኝ። እጃቸውን በበትራቸው ጠረጉ።

«እንግዲህ እሷ አላየሁም ካለች» አሉት ለተፈራ፣ «ዋሾው እኔ ልሁን። ቤታችሁ አይረበሽ።»

ወጡ። ያኔ ብጠራቸው ምን ነበረበት? እስከ ገበያው ድረስ ሮጬ እደርስባቸው ነበር። ተፈራ ይቆጣኝ ይሆናል፣ ይመታኝ ይሆናል፤ አንድ ቀን ነው። ደግሞስ በእኔ የመኪና እግር አይደል የሚነግደው? ይህን እያልኩ ቆምኩ። አልጠራኋቸውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠፍሩን አልነካሁትም። ተፈራ በአመድ አሽቶ ፀሐይ ላይ ዘረጋው፤ በሦስተኛው ቀን ጠፍሩ ያዘ። «አየሽ፣ አመዱ የሽማግሌውን ቅቤ ጠጣው» አለኝ። ለደንበኞቹም እንዲሁ አላቸው። ለባለሱቆቹም ነገረ፤ ለክፋት አይደለም፣ ማሽኑን እንዴት እንዳዳነው ለማውራት ነው። ባለሱቆቹ የኦቦ ጂሎን እስር እየፈቱ ማሽተት ጀመሩ። ኦቦ ጂሎ ለሁለት ገበያ ቻሉት። በሦስተኛው ቆዳቸውን ወደ አሬሮ ገበያ ይዘው ሄዱ አሉ። ነገሌ ተመልሰው አልመጡም።

በዚያው ጠፍር ተፈራ ከአሥር ዓመት በላይ ሠራበት። በእሱ ልጆች አሳደግን። ተፈራ ደግ ባል ነበር፤ ይህን ከአሁን በፊት ለማንም አልተናገርኩለትም። የእሱን በደል አገር ሁሉ ሰማ፤ የእኔን እሱ ራሱ ሳይሰማ ሞተ። ወጣት ነበርኩ አልልም፣ አራስ ነበርኩ አልልም። ተፈራን መበደሌን መኪናዬ ታስተሰርየው ይሆናል። ኦቦ ጂሎ ግን ምን አደረጉኝ?

ተፈራ የሞተው ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። በለቅሶው በአምስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ከሊበን መጡ። የኦቦ ጂሎ ሚስት ነኝ አሉኝ። ኦቦ ጂሎም ባለፈው ክረምት ማረፋቸውን ነገሩኝ። «እስኪሞት ‹ቆዳው ደረቅ ነበር› ይል ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ የዘረጋሁት፣ አውቃለሁ። ባልሽ ግን አላመነም። ይሁን፣ አሁን ሁለቱም ሞቱ፤ ቂም አይያዝ ብዬ መጣሁ።»

አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። ምሳ አቀረብኩ። ከብቶቹ እንዴት እንደሆኑ፣ ዝናብ ዘንቦ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ሊበን የሚሄደው የጭነት መኪና እስከሚቆምበት ድረስ ሸኘኋቸው። እጃቸውን ይዤ አሳፈርኳቸው። አልነገርኳቸውም።