የአናጢው ጉልበት

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ጡረታ ወጣች። ሆስፒታሉ ሲሸኛት ብዙ ሰው ተነሥቶ ተናገረ፤ ሰዓት አክባሪነቷ፣ መርፌዋ አለማሳመሙ፣ ሁሉም ተወራ። ስለ አናጢው ያነሣ ግን አልነበረም። ስለዚህ በአራተኛ ክፍል ፊደሌ እኔው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰው «ሲስተር» ይላታል፤ ለእኔ እስከ ዛሬ ሚጢጢ ናት። እናታችን ስታርፍ እኔ ትምህርቴን ትቼ ሆስፒታል ጽዳት ገባሁ፣ እሷ ተማረች። ነርስ ሆና እኔው የምወለውለው ክፍል የተመደበች ቀን ወለሉን ሁለት ጊዜ ወለወልኩት። ምን ላድርግ፣ ደስታው መግቢያ አሳጣኝ።

አንድ ልማድ ነበራት። ትኩሳቱን፣ ግፊቱን ለክታ ስትጨርስ ወንበር ስባ ትቀመጥና «ልብዎ ምን ላይ ነው?» ትላለች። ከዚያ ዝም። ዝምታውን ከማን እንደተማረችው እንጃ፤ ልጅ ሳለች አፏ አይከደንም ነበር። አንዱ ስለተጣላው ወንድሙ ያጫውታታል፣ አንዷ አብረሽኝ ጸልዪ ትላታለች፣ አንዳንዱ ደግሞ «ምሳ ላይ!» ይላታል። የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗ ግን አይወዱላትም። «ነርስ ነሽ የነፍስ አባት?» ይሏታል።

ታዲያ አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ አናጢ ተኙ። ቀኝ እግራቸው በስኳር በሽታ ሞቶ ጥቁረቱ ወደ ቅልጥማቸው እየወጣ ነው። ከጉልበት በላይ ካልተቆረጠ ሳምንት አይቆዩም ተባለ። እሳቸው አልፈርምም አሉ። ምግቡንም መለሱ።

ዶክተሩ መጥቶ፣ «አባባ፣ ማደንዘዣ እኮ አለ፤ ምንም አያምዎትም» አላቸው።

«ስለ ሕመም ማን አወራ?» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

በማግስቱ ሌላ ዶክተር መጣ፤ እሱም ስለ ማደንዘዣ። ልጃቸው፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው፣ አልጋው ሥር ተንበርክኮ ለመነ። ወይ ፍንክች!

እኔ ባልዲዬን ይዤ ስገባ ስወጣ የሽማግሌው ዓይን ከእኔ ላይ አይነቀልም። ያው ወንድ ናቸው ብዬ ሻሼን አስተካከልኩ፣ ሞኟ!

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሚጢጢ ወንበሯን ሳበች። «ልብዎ ምን ላይ ነው አባቴ?»

ቀና አሉ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «የእሷ ባልዲ ላይ።»

«ባልዲው ምን አደረገዎት?»

«ከቀዶ ጥገና ክፍል የሚወጣውን ወስዳ ጓሮ ማቃጠያው ውስጥ ስትደፋው በመስኮት አይቻታለሁ። ዋሸሁ?»

አልዋሹም።

«ልጄ፣ ስልሳ ዓመት በዚህ ጉልበት ተንበርክኬ ነው ፈጣሪዬን የለመንኩት። ልጅ ስጠኝ አልኩት፣ ሰጠኝ። ዛሬ ከቆሸሸ ፋሻ ጋር ይቃጠል? ነገ ፊቱ ስቆም ‹ጉልበትህን የት ጣልከው?› ቢለኝ ምን እላለሁ? ተዉኝ፣ ሙሉ ሰው ሆኜ ልሂድ።»

አሥራ ሰባት ዓመት ያን ባልዲ ስሸከም፣ ውስጡ ያለው ሰው የጸለየበት ነው ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሚጢጢ አልሰበከቻቸውም። ፈጣሪ እንዲህ አይልም ብላም አልተከራከረች። «ቢቀበርስ?» አለች። «በንጹሕ ጨርቅ ተገንዞ፣ ልጅዎ ወስዶ ቢቀብረው?»

«ይሰጡኛል?»

«ልጠይቅ።»

ሜትሮኗ ቢሮ ስትገባ እኔ በሩን የምወለውል መስዬ ቆምኩ።

«እንዲህ ያለ ደንብ የለንም!» አሉ ሜትሮኗ።

«የሚከለክልስ አለ?»

ሜትሮኗ መዝገባቸውን ማገላበጥ ያዙ።

«እኛ አራት ቀን ሙሉ ያልጠየቁንን ስንመልስላቸው ሰውየው ሊሞቱብን ነው፣ ሜትሮን።»

ኧረ ምን ዓይነት ድፍረት ነው! እኔ ውጭ ሆኜ በሩን ደግሜ ወለወልኩት። ሜትሮኗ «በይ፣ አንሶላው አዲስ ይሁን» ብቻ አሉ።

አናጢው ብዕሩን እንደ መሮ ጨብጠው ፈረሙ።

ከሰዓት በኋላ ቀዶ ጥገና ክፍል በር ላይ ሚጢጢ በነጭ አንሶላ የተጠቀለለውን አስታቀፈችኝ። «እትዬ፣ በባልዲ እንዳታደርጊው።»

«ይሄም ይነገረኛል?» አልኳት።

የሰው እግር እንደዚያ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በኮሪደሩ ስናልፍ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ አስታማሚ ሁሉ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ብድግ አለ። እሷ ከኋላዬ፣ እኔ ከፊት። ይህችን ያሳደግኩ እኔ ነኝ እያልኩ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ፤ ኩራት ኃጢአት ከሆነ ያን ቀን በደንብ በድያለሁ። ልጃቸው በር ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ።

በማግስቱ ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ ያሉት «የት?» ነው።

«እናቴ አጠገብ» አላቸው ልጃቸው።

ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። «እግሬ ቀድሞ ሄዶ ቦታ ያዘልኝ በላ!» አሉና ሳቁ። «ብቻ ንገራት፣ እኔ አልቸኩልም።»

ሚጢጢ ሾርባ አመጣችላቸው። አንድ ማንኪያ ቀመሱና ጨው የለውም ብለው ተቆጧት።