እማማ አጸደ ያሉትና እኔ የተረጎምኩት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ እናቴን በስልክ መቆጣቴን ዘርዝሬ፣ ይቺን ግን እየዘለልኩ ተመልሻለሁ። እሳቸው ሮማንን ያውቋታል፤ ቤቷንም ጠበል የረጩት እሳቸው ናቸው። እናንተ ግን እኔንም አታውቁኝ፣ ሮማንንም አታውቋት። ስለዚህ እናንተ ፊት ልቁም።

ሥራዬ አቅም ያነሳቸውን ሰዎች መንከባከብ ነው። ሾርላይን በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከውጭ ሲያዩት የማንም ቤተሰብ ቤት የሚመስል አንድ ቤት ነበር። እዚህ አገር አደልት ፋሚሊ ሆም እንለዋለን፤ እስከ ስድስት ሰው ድረስ እየተረዳ የሚኖርበት የግል ቤት ነው። ያኔ አምስት ነበሩ፤ አራቱ ፈረንጆች፣ አምስተኛዋ እማማ አጸደ። ቀን ቀን ሠራተኛዋ እኔ ብቻ ነበርኩ።

የቤቱ ባለቤት ሮማን ናት። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለችኝ እሷ፣ ሦስት ወር ሳሎኗ ውስጥ ያስተኛችኝ እሷ፣ ለተንከባካቢነት ሥራ ፈቃዱ ፈተና ያስጠናችኝ እሷ፣ ሥራውንም የሰጠችኝ እሷ። ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝም እሷው ናት። ይህን የምዘረዝረው ሰበብ ፍለጋ እንዳይመስላችሁ። ከማን ጋር እንደተሳሰርኩ እንድታውቁት ብዬ ነው።

እማማ አጸደ ደሴ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ባልትና ያስተማሩ ሴት ናቸው። ጡረታ ወጡ እንጂ ማረም አልተዉም። ጣታቸውን መስኮቱ ላይ አሂደው አቧራውን ያሳዩኝና፣ «ስድስት ከአስር፤ እሱም አዝኜልሽ ነው» ይሉኛል። ሾርባዬን ቀምሰው ዝም ካሉ ሰባት አገኘሁ ማለት ነው። እወዳቸው ነበር። እሳቸውም ይወዱኝ ነበር። «ልጄ» ነበር የሚሉኝ።

ወደዚያ ቤት ሲገቡ በዎከር፣ በባለ አራት እግር መደገፊያ፣ ይራመዱ ነበር። ከዚያ በፊት አንዴ ወድቀው ዳሌያቸው ስለተሰበረ ግን ሰው አጠገባቸው መቆም አለበት። ከዚያ ቤት የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእግራቸው ሄደው፣ በር ዘግተው፣ እንደ ሰው መጸዳዳት። እሱን ነው የከለከልናቸው። ሮማን ዳይፐር አመጣችና፣ «ደወል በደወሉ ቁጥር ከሮጥሽ ሌሎቹን ማን ያያቸዋል?» አለችኝ። ውሸት አልነበረም፤ አንዱን ሽማግሌ ሳጎርስ ጥዬው ብነሳ ይታነቃል። እናም የአልጋቸው ደወል ሲጮህ ከበሩ ላይ ሆኜ፣ «እማማ፣ እዚያው ይሽኑ፤ መጥቼ እቀይርልዎታለሁ» እላለሁ። እኔ ነኝ የምለው፤ ሮማን አይደለችም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር።

አንድ ጠዋት ከስቴቱ መንግሥት ተቆጣጣሪ፣ ኢንስፔክተር፣ መጣች። እነዚህ ሰዎች ቀጠሮ አይሰጡም፤ በር አንኳኩተው ይገባሉ። መድኃኒቱን ቆጠረች፣ ፍሪጁን ከፈተች፣ የቧንቧውን ሙቅ ውኃ ለካች። ሮማን ደውዬላት እየበረረች ደረሰች። ከዚያ ኢንስፔክተሯ ነዋሪዎቹን አንድ በአንድ፣ ለብቻቸው ማነጋገር ጀመረች። እማማ አጸደ ጋ ስትደርስ በስልክ አስተርጓሚ አቀረበችላቸው። እማማ ጆሯቸው ደከም ያለ ነው። ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው፣ «ይህቺ ሴትዮ ከጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ የምትናገረው?» አሉ። ከዚያ ስልኩን ለኢንስፔክተሯ መለሱላትና በሩ ላይ ወደ ቆምኩት ወደ እኔ አመለከቱ። «ፊቱን ለማላየው ሰው ገመናዬን አልዘረግፍም። ይቺ ልጅ አለች አይደል? እሷ ትንገርልኝ።»

ኢንስፔክተሯ አመነታች። እኔ የቤቱ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ራሴ ሥራ እኔው ላስተርጉም? አይሆንም ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። አላልኩም፤ እሷም እሺ አለች።

ወደ ክፍሉ ከመግባቴ በፊት ሮማን ኮሪደሩ ላይ እጄን ያዘችኝ። «ስሚኝ፣ ይህቺ ሴትዮ መጥፎ ከጻፈች አለቀልን። ሰው እጨምርልሻለሁ፤ በልጃችን ይሁንብኝ! ለዛሬ ብቻ አሳልፊን።» በልጄ ማለች። የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ ልባል? እንዲያ ብዬ አሰብኩና ገባሁ።

እማማ አጸደ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሰው ቀና ብለው ተቀመጡ። እያንዳንዱን ቃል አስታውሳለሁ። «ምግቡ ደህና ነው። ቤቱም አይሸትም። ግን እኔ እግር እያለኝ ዳይፐር ላይ ያሸኑኛል። ይህ ነውር ነው። ይቺን ልጅ ደግሞ እንዳትቆጪያት፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ብቻዋን ናት። ምሳዋን እንኳ ቆማ ነው የምትበላው። አንድ ሰው ይጨምሩላት። ያን ጊዜ እኔንም ታራምደኛለች፣ እሷም ነፍስ ትዘራለች።»

ሰማችሁ? ለእኔ ነበር የሚለምኑልኝ። ጠበቃ የቆሙት ለእኔ ነበር።

እኔስ በእንግሊዝኛ ምን አልኩ? «ምግቡ ጥሩ ነው ትላለች፤ ቤቱም ንጹሕ ነው። ኬርጊቨሯ እንደ ልጄ ናት ትላለች» አልኩ። ኢንስፔክተሯ ጻፈችና፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ ሲፈልጉ ቶሎ ይመጡላቸው እንደሆነ እንድጠይቃቸው ነገረችኝ። ጥያቄውን አልጠየቅኩም። ወደ እማማ ዞሬ፣ «ሌላ የሚጨምሩት አለ ወይ ትላለች» አልኳቸው።

«የለም። ያልኩትን ብቻ አጥብቃ ትያዘው።»

«አዎ፣ ቶሎ ይመጡልኛል ትላለች» ብዬ ተረጎምኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጻፈልኝም፣ ማንም ጉሮሮዬን አልያዘኝም። በገዛ ምላሴ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ነው ያልኩት። ኢንስፔክተሯ ፈገግ ብላ እጃቸውን ጨበጠች። እማማም አጸፋውን ፈገግ አሉላት።

ስትወጣ፣ «ነገርሻት?» አሉኝ።

«ነገርኳት፣ እማማ።»

«ሰው ይጨምሩላት ያልኩትንም?»

«እሱንም።»

ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። «ጎበዝ፣ ልጄ።»

ከዚያ መጠበቅ ጀመሩ። የምትመጣውን ሠራተኛ። በየጠዋቱ፣ «ያቺ ልጅ ዛሬ ትመጣ ይሆን?» ይሉኛል። አልጋቸው ላይ ሆነው እግራቸውን ያነሳሉ፣ ይጥላሉ፤ ያነሳሉ፣ ይጥላሉ። «ስትመጣ እግሬ ሰንፎ እንዳይጠብቃት» ይላሉ። እኔም አንሶላ እያጠፍኩ፣ «ሂደት አለው፣ እማማ፤ ትንሽ ይታገሱ» እላለሁ። አንድ ውሸት ብቻውን አይኖርም፤ በየቀኑ ቀለብ ይፈልጋል።

ሮማን ሰው አልጨመረችም። በወሩ ስድስተኛ ነዋሪ አስገባች። ማእድ ቤት ውስጥ ይዣት፣ «ያልሽኝስ?» አልኳት።

«ኦኬ፣ አውቃለሁ። ግን አሁን እኮ ሰው ማግኘት በጣም ሃርድ ነው። ሶ፣ ትንሽ ማኔጅ አድርጊው። ሪፖርቱ ክሊን ነው፤ ለምን ፓኒክ ታደርጊያለሽ?»

በልጄ ምላ ከዳችኝ። ደሜ ፈላ፤ ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ቤቴ እስካለበት እስከ ፌደራል ዌይ ድረስ አለቀስኩ። የተከዳሁት እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማለቅሰው፤ አስቡት! በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ሲባል የሰማሁት ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። አደራ የበላሁት እኔ፣ ስለ አደራ በላ የማለቅስም እኔ።

የኢንስፔክሽኑ ወረቀት ቤተሰብ እንዲያነበው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሕግ ነው። አጠገቡ ቅሬታ ያለው ሰው የሚደውልበት ቁጥር አለ። አንድ እሑድ የእማማ ልጅ ዳዊት መጣ። ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራ፣ እናቱን የሚወድ ሰው ነው። እማማ ሳሎን ተቀምጠው፣ «እስቲ ያቺ ሴትዮ የጻፈችውን አንብብልኝ» አሉት። እኔ ሻይ ይዤላቸው ቆሜአለሁ።

ዳዊት አነበበና ሳቀ። «ማሚ፣ ፐርፌክት ነው! ምንም ጥፋት አልተገኘም ይላል።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«ስለ መጸዳጃ ቤት የጻፈችው የለም? ሰው ስለ መጨመር?»

«ኖ፣ የለም። ለምን? ነግረሻት ነበር እንዴ?»

እማማ አጸደ ወደ እኔ ዞሩ። ረጅም ጊዜ አላዩኝም፤ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከዚያ ወደ ልጃቸው ተመለሱ። «የለም» አሉት፤ «ደህና ነኝ ብያታለሁ።»

ዳዊት ሲሄድ እግራቸው ሥር ተንበረከክኩ። ስለ እኔ ብለው የሸፈኑልኝ መስሎኝ ነበር። «ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ» አሉኝ። «እዚህ ያስገባኝ እሱ ነው። ልጄ እንዳይጸጸት ብዬ ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ይቅርታሽን ለእኔ አታምጪው። ለዚያች ሴትዮ ደውለሽ ያልኩትን ንገሪያት። ቁጥሩ እዚያ ተሰቅሎልሻል።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ልጄ ብለውኝ አያውቁም፤ ውጤትም አልሰጡኝም። ደወሉን አልነኩትም። እግራቸውን ማንሳትና መጣል ተዉ። ልቀይርላቸው ስገባ ሳልጠይቃቸው ወገባቸውን ከፍ ያደርጉልኛል፤ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ መቆም አቃታቸው። በመጡ በሁለተኛው ዓመት አረፉ። ቀብሩ ላይ ዳዊት አቅፎኝ፣ «እናቴን እንደ ልጅ ነው የያዝሽልኝ» አለ። አሜን አልኩ። አዎ፣ አሜን ነው ያልኩት።

ለምን አልደወልኩም? ሮማንን ፈርቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ውሸት ነው። ሮማን ከከዳችኝ በኋላ እሷን አልፈራም፣ አላፍራትምም ነበር። የፈራሁት የራሴን ስም ነው። ከደወልኩ፣ በቃላቸው ላይ የዋሸችው ማን ናት ይባላል፤ እኔ ነኝ ማለት ይመጣል፤ ፈቃዴ ይነጠቃል። የእሳቸውን እግር በሥራ ፈቃዴ ለወጥኩት። ሌላ ስም የለውም።

እናንተንም ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅር ማለት የሚችሉት ሰው ምን ማድረግ እንዳለብኝ ነግረውኛል። ከንግግራችን በኋላ አሥር ወር ኖረዋል። ከሳሎን ወደ ማእድ ቤት በሄድኩ ቁጥር በዚያ ቁጥር ሥር አልፍ ነበር፤ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። አንድም ቀን አልደወልኩም።