የደረጀ መንገድ መሪ ስልክና የእኔ ዝምታ

ነገሩ የሆነው ኢሕአዴግ ሊወርድ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ ስማርት ስልክ ቦንጋ ላይ ከሹም እጅ ወደ ሹፌር እጅ መድረስ በጀመረበት ሰሞን ነው። ሙሉውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለሚስቴ እንኳ የነገርኳት ግማሹን ነው። ሰው ፊት በተመሰገንኩ ቁጥር ግን ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

ያኔ በካፋ ዞን በአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበርኩ። የካፋ ልጅ ነኝ፤ ከዴቻ እስከ ጌሻ ያልነዳሁበት መንገድ የለም። የማላውቀው ቦታ ከገጠመኝ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ መንገደኛውን በቋንቋችን በካፊኖኖ እጠይቃለሁ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ስለዚህ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ጋሽ ኃይሌን ጥሩልኝ» ነበር የሚባለው።

ከዚያ ደረጀ መጣ። ሚስቱ አስተማሪ ናት፤ እሷ ቦንጋ ስትመደብ እሱም ከደሴ ተዛውሮ እኛ ጋ ሹፌር ሆነ። በዕድሜ ብዙ እበልጠዋለሁ። ሸሚዙን ተኩሶ የሚለብስ፣ ታላቁን የሚያከብር ሰው ነው። ይኼ ሁሉ ባልከፋኝ። ያቃጠለኝ ስልኩ ነው።

ዱባይ ያለች እህቱ በካርዷ ከፍላ፣ እየተናገረ መንገድ የሚመራ አፕ አስጭናለታለች። ስልኩን ከመሪው አጠገብ ይሰካዋል። አንዲት ሴት ከውስጡ ሆና በእንግሊዝኛ ወደ ግራ ታጠፍ፣ አሁን ወደ ቀኝ ትለዋለች። እሱም የታዘዘውን ያደርጋል።

ኃላፊያችን አቶ ተስፋዬ ይህን ባዩ ማግስት ስብሰባ ላይ አነሱት። «ቴክኖሎጂን ለሥራ መጠቀም ማለት ይኼ ነው፤ ከደረጀ ተማሩ» አሉ። አንጀቴ አረረ። እኔ ዕድሜ ልኬን ጭንቅላቴ ውስጥ ይዤ የዞርኩትን መንገድ ማንም ቴክኖሎጂ ብሎልኝ አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢ ውስጥ የደረጀን መኪና ቆማ ሳያት እንኳ ፊቴን አዙሬ ማለፍ ጀመርኩ።

በዚያው ወር ለመሥሪያ ቤቱ አንዲት አዲስ ፒክአፕ እንደምትመጣ ተሰማ። ማን እንደሚይዛት በግምገማ ይወሰናል ተባለ። እኔ የምነዳት አሮጌ ነበረች፤ ዳገት ባየች ቁጥር ውሃ የምታፈላ። ጡረታ ሳልወጣ አንዴ፣ ሌላ ሰው ያልነካትን መኪና መያዝ እፈልግ ነበር። ሹፌር ያልሆነ ሰው ይህ አይገባው ይሆናል።

እኔም ስልክ ገዛሁና ነጻውን አፕ አስጫንኩ። የስልክ ቤቱ ባለቤት «ያው ነው፣ ጋሼ፤ ሁለቱም መንገድ ነው የሚያሳዩት» አለኝ። ልዩነቱ የገባኝ ወደ ዋጫ በሄድን ቀን ነው።

አቶ ተስፋዬ ጨዋታ ይወዳሉ። «እስቲ ዛሬ ሁለቱን እናወዳድራቸው» ብለው የደረጀንም የእኔንም ስልክ በእኔ መኪና ውስጥ ከመስታወቱ ሥር ጎን ለጎን አቆሟቸው። ደረጀም አብሮን ተሳፈረ። ከተማው ውስጥ እኩል ነበሩ። እንዲያውም አንድ ቦታ የእኔው ቀድሞ ተናገረና ሆዴ ቅቤ ጠጣ። ከቦንጋ ወጥተን ኔትወርክ ሲጠፋ ግን የእኔው ዝም አለ። የደረጀ ካርታ ሙሉ በሙሉ ስልኩ ላይ የተጫነ ስለሆነ ኔትወርክ አይፈልግም። ሴትዮዋ እያንዳንዱን መታጠፊያ ሳንደርስበት ትናገራለች።

የእኔው የነቃው ዋጫ ገብተን ምሳ ካዘዝን በኋላ ነው። ድንገት ከኪሴ ውስጥ ጮኸና ድሮ ያለፍነውን መታጠፊያ ታጠፉ አለን። አቶ ተስፋዬ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አየህ ጋሽ ኃይሌ፣ የነጻ ነገር እንዲህ ነው» አሉኝ።

ደረጀ አልሳቀም። «የኔም እኮ አንዳንዴ ይሳሳታል» አለ። አለመሳቁ ከሳቃቸው ይበልጥ አናደደኝ። ቢስቅብኝ እኮ ለመጥላት ይመቸኝ ነበር።

ክረምት እንደገባ ከክልል እንግዶች መጡ። ጉዟቸው ከቢታ ገነት ወጣ ወዳለ አንድ ቀበሌ ነበር። የጉዞው ዋዜማ ቦንጋ ገበያ ላይ፣ ከዚያው ቀበሌ ማር ይዞ የመጣ ሰው አገኘሁና እንደ ልማዴ ስለ መንገዱ ጠየቅኩት። ወደ ቀበሌው የሚያስገቡት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ በአቋራጩ ላይ ከግንድ የተሠራ ድልድይ አለ። ጎርፉ ግንዶቹን እንዳላላቸው፣ መኪና እንዳይሞክረው ነገረኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱ ጠዋት ግቢ ውስጥ ደረጀ ራሱ መጥቶ «ጋሽ ኃይሌ፣ መንገዱ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ስልክህ ያውቀው የለ» አልኩት።

ሳቀ። የቀለድኩ መሰለው።

እንግዶቹና አቶ ተስፋዬ ከደረጀ ጋር ገቡ። ደረጀ ይምራ ተባለ። እኔ ሻንጣና ወረቀት ጭኜ ከኋላ ተከተልኩ። እንግዳ ጭኜ ፊት ፊት ስሄድ የኖርኩ ሰውዬ፣ ያን ቀን የደረጀን ጎማ ጭቃ ስቀበል ዋልኩ።

መንታው መንገድ ላይ ስንደርስ ደረጀ ወደ አቋራጩ ፍሬቻ አሳየ። እጄ ክላክሱ ላይ ነበር፤ አንዴ ብጫነው ይቆም ነበር። ይግባና ይቀርቀር፣ እንግዶቹ ፊት ይዋረድ አልኩ በልቤ። ሰው ይጎዳ ብዬ አልተመኘሁም። ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ግን አውቅ ነበር። እጄን ከክላክሱ ላይ አነሳሁ። ጎማ የማይ መስዬ መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ።

ብዙም ሳይቆይ ጩኸት ሰማሁና ሮጥኩ።

ግንዶቹ ተንሸራተው የፊት ጎማዎቿ መሃላቸው ገብተዋል፤ የመኪናዋ አፍንጫ ወንዙ ላይ ተደፍቷል። ከሥሯ ድፍርሱ ውሃ ይገማሸራል። የአገሩ ሰዎች ገመድ ይዘው ደርሰው የኋላዋን ከዛፍ ጋር ያስራሉ። እንግዶቹ በኋላ በር አንድ በአንድ ወጡ። ደረጀ ሁሉም እስኪወጡ እግሩን ከፍሬኑ አላነሳም። እሱ ሲወጣ የቀኝ እጁ አንጓ አብጦ ነበር። አንዲት እንግዳ ግንባሯ ይደማል። አቶ ተስፋዬ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል።

ቆጮ የተሸከሙ ሁለት ሴቶች እኔን ሲያዩ በካፊኖኖ ይወቅሱኝ ጀመር። እንዲቆም ጮኸውለታል፤ እጃቸውን አወዛውዘውለታል። እሱ እጁን አንስቶ ሰላም ብሏቸው አለፈ።

ደረጀን ዳር አስቀምጬ እጁን በሻርፔ ማሰር ጀመርኩ።

«ሴቶቹ ምን ነበር የሚሉኝ?» አለ።

ነገርኩት። «ጋሽ ኃይሌ፣ እህቴን ያስቸገርኳት እኮ ለዚህ ነው» አለኝ። «እርስዎ መስኮት ዝቅ አድርገው ከሰው ሲጫወቱ ሳይ ቅናት ይገድለኝ ነበር። እኔ ካፊኖኖ አልችል፣ በምን አፌ ልጠይቅ? ያ ስልክ ከሌለ እዚህ አገር ዕውር ነኝ።»

ሻርፑን አጥብቄ ቋጠርኩ።

ግምገማው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆነ። በጊዜው ደንብ ሁሉም ተራ በተራ እየተነሳ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ጥፋቱን በራሱ አንደበት ይናገራል ማለት ነው። ደረጀ እጁ በጄሶ እንደታሰረ ተነሳ። «አገሩን የሚያውቅ ሰው ከኋላዬ እያለ ስልክ አመንኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ቀጥሎም አዲሷ መኪና ለጋሽ ኃይሌ ትሰጥ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ቤቱ አጨበጨበ።

ተራዬ ደረሰ። ተነሳሁ። «አንዳንድ ጊዜ ጠዋት አረፍዳለሁ፤ አሻሽላለሁ» አልኩና ተቀመጥኩ።

ፒክአፗን ጡረታ እስክወጣ ነዳኋት። ጥሩ መኪና ነበረች፤ ደስ ብሎኝ የያዝኳት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። የምቀናበትን ሁሉ ካገኘሁ በኋላ፣ ስቀና ሳለሁ የነበረኝን ያህል ሙቀት አንድ ቀን እንኳ አልተሰማኝም። አሁን ሳስበው ከቅናቴ ይልቅ በዚያች «አረፍዳለሁ» ባልኳት ቃል ነው የማፍረው።

ደረጀ ከሚስቱ ጋር ወደ ደሴ ከተመለሰ ቆየ። በዓል በመጣ ቁጥር ይደውላል። ልጆቼን ይጠይቃል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቃል፤ መጨረሻ ላይ «ያን ቀን ሮጠው ባይደርሱልኝ ምን ይውጠኝ ነበር?» ይለኛል። እኔም «ተው እንጂ ደረጀ» እለውና፣ ሌላ ነገር ሳይጨምር ስልኩን ቀድሜ እዘጋለሁ።